አራቱም ተንፍሰው ነበር

እኔ አርባ ዓመት ጎማ ስፈታ፣ ስለጥፍና ስነፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባሌ ሲሞት አንድ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ክሪክና አራት ልጆች ትቶልኝ ሄደ። ዘመዶቹ ተሰብስበው «ሴት ልጅ ጎሚስታ ሆና አታውቅም፤ ዕቃውን ሽጪና ልጆችሽን አሳድጊ» አሉኝ። ሸጥኩ፤ አልጋውን። ኮምፕሬሰሩ ቀረ፣ እኔና ልጆቼ መሬት ተኛን። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «እትዬ ጎማ» ይለኛል። ዋናውን ስሜን የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ነው።

ይህን የማወራው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ኧረ ልኩራራም ብዬ ነው፤ ማንን ፈርቼ! በጎማ ጉዳይ የሚያስደነግጠኝ ሰው ገና አልተወለደም እል የነበርኩ ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ ክው እንዳልኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ነገሩ የመጨረሻ ልጄ ናት። ስድስት ዓመት የውሃ ቦቴ ነድታለች። ቦቴው ከተሸጠ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ እቤት ቁጭ ብላ የታጠበ ሰሃን መልሳ ስታጥብ ነው የከረመችው። እጇን የት እንደምታኖረው ጠፋባት። እኔ እናት ነኝና አያለሁ፤ አይቼም ዝም እላለሁ። ዝም ማለት እንደማልወድ ደግሞ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ከሰፈራችን ዳር ካለው ክሊኒክ ጀርባ ሽቅብ የተገተረ ቋጥኝ አለ። ከአናቱ ላይ ድንጋይ ጠራቢዎች ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። እዚያ ሰው ሲታመም ወይ ሴት ምጥ ሲይዛት አራት ጎረምሳ ቃሬዛ ተሸክሞ ነው የሚያወርደው፤ አንዱ ሲያዳልጠው በሽተኛዋም አብራ ነች። ዘንድሮ ክሊኒኩ አንድ አሮጌ ግን ጠንካራ ፎር ዊል መኪና አገኘና ሹፌር ፈለገ። ሁለት ሰው ቀረበ፤ አንዷ ልጄ፣ ሌላው የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰውዬ። «ረጅሙ» ነው የምንለው።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር አጭርና ቆፍጣና ሴት ናት። «ቃሬዛው ላይ የሰው ክብደት ያለው የአሸዋ ጆንያ እጭናለሁ» አለች። «ጆንያውን ሳይጥል ቋጥኙን የወጣ የመኪናውን ቁልፍ ይወስዳል። ሥራው የአንድ ሰው ነው።» ቀጥላ ወደ ልጄ ዞረችና «አንቺ የጎሚስታ ልጅ አይደለሽ? ጎማውን አንቺ ምረጪ፤ ሁለታችሁም በዚያው ትፈተናላችሁ» አለቻት።

ረጅሙ ሳቀ። «ይመቸኛል። ጎማው ከከዳን የሷ ጥፋት ነው።»

መኪናው ሲመጣ አድርጎት የነበረው ጎማ የአስፋልት ነው፤ ያውም ጥርሱ አልቆ ፊቱ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ። ስለዚህ እኔና ልጄ ጎማ ሻጩ ዘንድ ሄድን። ሻጩን «ቅባቴ» እንለዋለን፤ የከረመውንም የደረቀውንም በቅባት ወልውሎ አዲስ ስለሚያስመስለው።

«እትዬ ጎማ! ዛሬ ደግሞ ከየት ወጡ?»

«ከቤቴ። ቅባትህን አስቀምጥና ደህናውን ዕቃ አሳየን።»

በየረድፉ እየዞርኩ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ፣ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ፣ አሸተትኩ። በሦስተኛው ረድፍ አገኘሁት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥፍር የማያስገባ፤ በመዶሻ ብትመታው መዶሻው ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት።

«ይኸው!» አልኩ። «ለቋጥኝ የሚሆን ጎማ ይሄ ነው።»

ልጄ ራቅ ብላ ቁጢጥ ብላለች። የሌላ ጎማ ጉንጭ ላይ በሞባይሏ እያበራች የተቀረጸውን ጽሑፍ ታነባለች። ቀና እንኳ ሳትል «እማ፣ እሱ የጭነት ነው» አለችኝ። «ጠጠር መንገድ ላይ ይሆናል። እርጥብ ቋጥኝ ላይ ግን ሳሙና እንደረገጠ ሰው ነው የሚያሟልጨው።»

«አንቺ ለኔ! ስለ ጎማ!»

«ይኸኛውን ንኪው እስቲ።»

ነካሁት። አውራ ጣቴ ሰመጠ። እጄን እንደተቃጠለ ሰው መነጨቅኩት። «ይሄ እኮ ማስቲካ ነው! በሰው ነፍስ ልትጫወቺ ነው?»

«ልስላሴው ነው ድንጋዩን የሚይዘው። ጥርሱን እዪው፤ ተራርቆ ነው የተተከለው፣ ጠጠር ቢገባበት ይተፋዋል። ደግሞ ጥርሱ ጎኑ ድረስ ይወርዳል፣ ጉንጩም ሦስት ድርብ ሸራ አለው። ድንጋይ ጎማን የሚጨርሰው በጎኑ በኩል ነው። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

አስተምሬያታለሁ። በራሴ ቃል መመታት ለካ እንዲህ ያማል። ሌላ ነገር ፈለግኩ።

«ካላማደሪያውስ፣ አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ የታለ?»

«የለውም። አየሩ በቀጥታ ጎማው ውስጥ ነው።»

«አንጀቱን አውጥተው ነው የሚሸጡት?»

ቅባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም እንዲያ ሆኗል።»

«አንተ ዝም በል! ፀጉርህንም እንደ ጎማህ ነው የቀባኸው።»

ልጄ አራት ማስቲካዋን አስጫነች። እስከ ቤት ድረስ አላናገርኳትም። የእኔ ልጅ፣ በጎማ ጢስና በላስቲክ ሽታ ያደገች፣ ከእኔ አውራ ጣት በላይ ጽሑፍ ታምናለች! እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ብነግረው አያምነኝም።

ረጅሙ ቀድሞ ተፈተነ። የዚያን ቀን ወገቤ ይዞኝ አልሄድኩም፤ ልጄ ናት ማታ እራት ላይ የነገረችኝ። ጎማውን እንደ ጭነት መኪናው ጥርቅም አድርጎ ነፍቶ፣ መኪናዋን እንደ ፍየል እያዘለለ፣ ወጥቷል። ግን ጆንያው አንድ ጊዜ ከቃሬዛው ወድቋል።

«ስለዚህ ነገ እኔ ካልጣልኩት ቁልፉ የኔ ነው፤ ከጣልኩት ግን ቀድሞ ስለወጣ የሱ» አለችኝ። ጉርሻዋን ይዛ መዋጥ ረስታ ነበር።

«አንቺስ አየሩን እንዴት ልታደርጊው ነው?»

«እሱን ተይልኝ እማ።»

ተውኩላት። ምነው ያን ጊዜ አጥብቄ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ!

ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ጠዋት ሁሉ ነገር እርጥብ ነበር። ክሊኒኩ ጋ የደረስኩት ሰዓቱ ሳይደርስ ነው። ለመንገድ ስለሚቀርበኝ በጓሮው በር ገባሁ። ረጅሙን ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቧንቧ እጁን ታጥቦ ሲመጣ አገኘሁት። ውሃው ከጣቶቹ ይንጠባጠባል።

«እንደምን አደሩ እማማ?» አለና እስከ ጆሮው ፈገግ አለ። ፈገግታው አላማረኝም።

ጋራዡን ዞርኩ። መኪናዋ ቆማለች። ዐይኔ ወደ ጎማዋ ወረደ፤ ያለ ልማዴ አይደለም፣ እኔ ሰውም ሲመጣ ከእግሩ ነው የምጀምረው። ወረደና እዚያው ቀረ።

አራቱም ተንፍሰው ነበር።

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። አንድ ቢሆን ምስማር ነው ይባላል። ሁለት ቢሆን ክፉ ቀን ነው። አራት ግን የሰው እጅ ነው! ጉንጫቸው መሬቱ ላይ ተዘርግቶ፣ ሆዳቸው ተንዘርጥጦ። ቀርቤ የአየር ማስገቢያቸውን አየሁ፤ ክዳናቸው አንድ በአንድ ተመልሶ ተጠብቋል። እንዴት ያለ ጨዋ ሌባ ነው! አስተንፍሶ ሲያበቃ ክዳኑን የሚመልስ! ዐይኔ ላይ የረጅሙ እርጥብ ጣቶች መጡ።

ልጮህ ነበር። አፌን በነጠላዬ አፈንኩት። ልጄ ይህን ብታይ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ያን ቋጥኝ አይወጡትም። ሲስተር ብትሰማ ፈተናው ይበተናል። ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው እዚህ የቆምኩት? አርባ ዓመት ከእኔ በር ተንፍሶ የወጣ ጎማ የለም፤ የጠላቴም ቢሆን!

የጋራዡ ኮምፕሬሰር እንደ ሁልጊዜው ብቻውን ይንደቀደቃል፤ መካኒኩ ስለማያጠፋው ድምፁን የሚሰማው ሰው የለም። ቱቦውን ጎተትኩ። አንዱን ነፋሁ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። መለኪያ አልፈለግኩም፤ መለኪያዬ ጆሮዬ ነው። በዱላ እየመታሁ እንደ ከበሮ እስኪጮሁ ድረስ ሞላኋቸው። ቱቦውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ቀሚሴን አራገፍኩ። ልጄ እስክትሞት ድረስ አታውቀውም አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ስወጣ ሲስተር፣ ራሰ በራው የክሊኒኩ መካኒክና ረጅሙ ቆመዋል። አላስቻለኝም። ወደ ረጅሙ ተጠጋሁና አንገቴን አንጋጥጬ «እጅ የተሰጠህ መሪ እንድትይዝበት ነው፤ የሰው ዕቃ እንድታበላሽበት አይደለም!» አልኩት። «እጅህን ይቁረጠው!»

ሰውዬው ደነገጠ። «ምን አጠፋሁ እማማ?»

«አንተው ታውቀዋለህ!»

ሲስተር ቅንድቧን ሰቅላ አየችን።

ልጄ ከውስጥ ከአንዱ ነርስ ጋር ቃሬዛውን ይዛ እየሮጠች ወጣች። ጆንያውን ጫኑ፣ የኋላ በሩን ዘጉ። እኔን አየችና በዐይኗ ሰላም ብላኝ ዘላ ገባች። ጎማውን አላየችም። ለምን ታያለች? ከአንድ ሰዓት በፊት አይታዋለች።

መኪናዋ የመጀመሪያውን ድንጋይ ረገጠች። ነጠረች። እኔ ጎማ እንዲያ ሲነጥር ያየሁት ልጆች በኳስ ሲጫወቱ ነው። ሁለተኛውን ረገጠች፤ የኋላዋ ተንሸራተተና ወደ ግራ ተወረወረ። ልጄ መሪውን ስትታገል ክርኗ በመስኮቱ ይታየኛል። ሦስተኛው ላይ፣ እርጥቡ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ የቀኝ ሁለቱ ጎማዎች ከመሬት ተነሡ። ሆዷን አየሁት። የመኪና ሆድ ስፈታ ስገጥም ነው የኖርኩት፤ ልጄ ከላዩ ተቀምጣ ሳየው ግን ሌላ ነው። ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። ጩኸት ሰማሁ፤ ኋላ ሳስበው የራሴ ነበር።

ተንጠልጥላ ቆየች፤ እኔ አርጅቼ እስክጨርስ ድረስ። ከዚያ ዘፍ ብላ በአራቱም ወረደች። የኋላው በር ተበረገደ፣ ጆንያው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ፈነዳ፣ አሸዋው ቋጥኙን ይዞ ቁልቁል ፈሰሰ።

መካኒኩ ጎማዋ ሥር ድንጋይ እየደገፈ ቀስ አድርጎ አስወረዳት። ልጄ አመድ መስላ ወጣች። ወደ ጆንያው አልሄደችም። ወደ ጎማው ሄዳ መዳፏን አሳረፈችበት። እንደ ትኩስ ምጣድ መለሰችው።

«ማነው የነካው?»

መካኒኩ መለኪያውን ሰካ። «አርባ» አለ።

«አስራ አምስት ላይ ነው የተውኩት! በገዛ እጄ ነው ያስተነፈስኩት! ለክቼ፣ ክዳኑን ዘግቼ!»

በገዛ እጄ። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ መውጫ አጣ።

«ማስተንፈስ ለምን?» አለች ሲስተር።

«ቋጥኝ ላይ የሞላ ጎማ ይነጥራል» አላት መካኒኩ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ለእኔ ቅጣት ሲል አፉ ተፈታ። «ሲላላ ነው ተዘርግቶ ድንጋዩን የሚያቅፈው። ልጅቷ ልክ ነበረች። ጎማውም ሰው አተረፈ። ጎኑን እዪው፤ ሌላ ቢሆን ተቀዶ መኪናው ይገለበጥ ነበር።»

ሄጄ ዳበስኩት። የድንጋዩ ስለት የእጄን ስንዝር ያህል ጭሮታል፤ ሸራው ግን ብቅ አላለም። ያ ማስቲካ ያልኩት ጎማ!

ሲስተር ወደ ረጅሙ ዞረች። ፊቷ ሌላ ሆኗል። «ከጋራዡ ጀርባ ስትመጣ አይቼሃለሁ። እማማ ለምን እንደሰደቡህም አሁን ገባኝ። ሰው ልትገድል ነበር። ከዚህ ግቢ ውጣልኝ፤ የትም ሹፌር ሆነህ እንዳትቀጠርም እጽፍብሃለሁ።»

ረጅሙ ጎንበስ ብሎ መዳፎቹን አየ። ያ ሁሉ ቁመት ያጠረ መሰለኝ። «እጄን ነው የታጠብኩት» አለ በመጨረሻ። «እጄን ነው።»

«እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች ሲስተር ለልጄ። «ሌላ ሰው የምፈልግበት ጊዜ የለኝም።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ዝም ብል ቁልፉ የልጄ ነበር። ሲስተር እጇን ኪሷ ከታ ነበር፤ ቁልፉ ሲንሿሿ ሰምቻለሁ። የታጠበ ሰሃን የምታጥብ ልጄ፣ እዚያ ጋ ቆማለች። ማንም አላየኝም። ኮምፕሬሰር አይመሰክር! ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብያለሁ። ያቺ አንድ ትንፋሽ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማም። እኔ ቀስ ብዬ ስናገር ሰው አለመደውም።

«እኔ ነኝ አልኩ! ደንቆራችኋል? እኔ ነኝ የነፋሁት! ይሄ ሰውዬ ያስተነፈሰው መስሎኝ!»

መካኒኩ መለኪያውን ጣለው።

«እማ…» አለች ልጄ።

ጥፋት ሲያሳፍረኝ መቆጣት ነው የምችለው። «ለምን አልነገርሽኝም? አፍ የለሽም?»

«ብነግርሽ ታስተነፍሺኝ ነበር?»

ነጠላዬን መልሼ አጣፋሁ።

ረጅሙ ግንባሩን ጠረገ። እንደማይምረኝ ጠብቄ ነበር፤ የሚገባኝ እሱ ነው። እሱ ግን ሲስተርን እያየ «ልጅቷ ቅድም የነዳችው በኔ አየር፣ ጥርቅም ብሎ በሞላ ጎማ ነው፤ በኔ አየር ደግሞ እኔም ጥያለሁ» አለ። «በራሷ አየር ትንዳ። ግን ጆንያው ተቀዷል።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ጭነቱ እማማ ይሁኑ። እጄን ሊያስቆርጡ አልነበር? አንዴ ይንገጫገጩልኝ!»

ነርሶቹ ሳቁ። ሲስተርም ከንፈሯን ነክሳ «ይስማማሉ?» አለችኝ።

«እኔ አሸዋ ነኝ?» አልኩ። ከዚያ ቃሬዛው ላይ ወጣሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ!

አይ፣ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አለ። ልጄ መለኪያውን መዳፌ ላይ አኖረችው። «አንቺው አስተንፍሺው» አለችኝ። ተንበርክኬ አራቱንም አስተነፈስኩ። ሽሽሽ ሲል የእኔ ትንፋሽ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። «ይበቃል?» ስላት «ገና» ትለኛለች። «ይበቃል?» «ገና እማ።» በዕድሜዬ እንዲያ ዝቅ ያለ ጎማ በገዛ እጄ ሠርቼ አላውቅም።

ወገቤን በቀበቶ አሰሩኝ። በሩ ተዘጋ። ጣሪያውን እያየሁ የመጀመሪያውን ግጭት ጠበቅኩ፤ ጥርሴን ነክሼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ።

አልመጣም። ዐይኔን ስገልጥ ሽቅብ እየሄድን ነው። ከሥሬ ድንጋዩ ይሰማኛል፤ አንዱ ጎማ ሲጫንበት፣ ሲያቅፈው፣ ሲለቀው፣ ሌላው ሲቀበለው። ሊጥ በእጅ ሲታሽ እንዲያ ነው። ያን እርጥብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ የቃሬዛውን እጀታ ጨበጥኩ። መኪናዋ ቆመች። ትንሽ ወደ ኋላ አለች። ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል። ከዚያ የጎማዋ ጎን ድንጋዩን እየፋቀ፣ ልክ እንደ ሰው እጅ እየዳበሰ፣ ወጣችው። አልነጠረችም። እኔም ከቃሬዛው አንድ ጣት አልተነሣሁም።

አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ስነፋው የኖርኩትን ነገር አላውቀውም ነበር ማለት ነው?

ቆምን። በሩ ሲከፈት ሲስተር በእግሯ ወጥታ እያለከለከች ነው፤ ከኋላዋ ረጅሙና መካኒኩ፣ ከእነሱ ኋላ መዶሻቸውን እንደያዙ የመጡ ድንጋይ ጠራቢዎች።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«በሕይወቴ እንዲህ ተመችቶኝ ተኝቼ አላውቅም» አልኩ።

ሲስተር ቁልፉን በመስኮቱ በኩል ለልጄ ሰጠቻት። መፈክር የለ፣ ጭብጨባ የለ። ልጄ ቁልፉን ይዛ ጣቷን አጠፈችበት፤ ፊቷን ወደ ቋጥኙ አዞረች።

ረጅሙን ጠራሁት። «አንተ ልጅ፣ አጥፍቻለሁ። እጅህ ይባረክ።»

«ቅድም እጅህን ይቁረጠው ነበር ያሉኝ።»

«ቅድም ሌላ ሰው ነበርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ መካኒኩ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከመለኪያው ቁጥር ይልቅ እሱ ያስደነገጠው መሰለኝ። ረጅሙ ራሱን ነቀነቀና የተበረገደውን በር ማጠፊያ ማቃናት ጀመረ። ሥራ ያጣ ሰው ነው፤ ግን በሩን አቃና።

ለመውረድ ልጄ ሞተሩን ስታስነሣ ቁልቁለቱን በኋላው መስኮት አየሁት። እዚህ ድረስ እንዴት እንደወጣን ገና ያን ጊዜ ገባኝ። ከቃሬዛው ላይ ተንጠራራሁና «ስሚኝማ፣ ስትወርጂ ፍሬኑን እንዳትረግጪው፤ በማርሽ ብቻ፣ መጀመሪያ ደግሞ ያንን ግራ በኩል ያለውን…» አልኩ።

«እማ።»

«አቤት?»

«ተኚ።»

ተኛሁ። እኔ! አንድ ቃል ሳልመልስ፣ እጄን ሆዴ ላይ አጣጥፌ።